በማሕፀን ስለሚበቅል ዕጢና ሐኪም ዘንድ መድረስ ስለሚገባበት ጊዜ

ሕመም ሁሉ በአንድ መልክ አይገለጥም። እግሩን የቈሰለ ሰው ቍስሉን ለጎረቤቱ ያሳያል፤ ዐይኑን የታመመ ሰው መሪ ይዞ በአደባባይ ይሄዳል፤ ጥርሱን ያመመውም ጉንጩን በነጠላው ጠቅልሎ ሲወጣ ያየው ሁሉ እግዚአብሔር ይማርህ ይለዋል። በሴት ማሕፀን የሚበቅል ዕጢ ግን ከዐይን የተሰወረ ብቻ ሳይሆን ከአንደበትም የተሰወረ ነው። ታማሚዋ ለእናትዋ ለመንገር ታፍራለች፤ ለባልዋ ለመግለጥ ትፈራለች፤ ሐኪም ዘንድ ለመሄድም ዛሬ ነገ እያለች ወራት ታሳልፋለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶች ምሳሌ በዚህ ሕመም ላይ የሚፈጸመውን ያህል በሌላው ላይ አይፈጸምም።

ስለዚህ ነገር በጋዜጣ መጻፍ ነውር የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን ሰው ሁሉ ዘጠኝ ወር ያደረበትን ማሕፀን በስሙ መጥራት ነውር ሊሆን አይገባም፤ ነውርስ የልጆች እናት ልትድንበት በምትችለው ሕመም ስትሞት ዝም ብሎ መመልከት ነው። ይህንንም ዝምታ ለማንሣት ከሁሉ ይልቅ የሚቻላቸው ሁለት ወገኖች ናቸው፤ ይኸውም በየአጥቢያው የነፍስ አባቶች የሆኑት ካህናትና በየወረዳው ሕዝብን የሚያስተዳድሩት ሹማምንት ናቸው። ነገር ግን ሌላውን ከመምከር አስቀድሞ ነገሩን ራስን ማወቅ ያስፈልጋል።

የሰው ሥጋ በዐይን ከማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ከሆኑ ሕዋሳት የተሠራ ነው። አሮጌው ሕዋስ ሲሞት አዲሱ ይተካል፤ ይህም በሥርዓትና በልክ ይፈጸማል። አንዳንድ ጊዜ ግን በአንድ ስፍራ ያሉት ሕዋሳት ልካቸውን አልፈው ይበዙና ዕጢ ይሆናሉ። ዕጢም በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በበቀለበት ስፍራ ተወስኖ የሚቀር ሲሆን፣ ቢያድግ እንኳ አጠገቡ ያለውን ብልት ይገፋል እንጂ ወደ ሌላ አካል አይዘምትም። ሁለተኛው ድንበሩን ጥሶ ባጠገቡ ያለውን ሥጋ የሚበላ፣ በደም ሥርም ተጉዞ በሌላ አካል ላይ የሚተከል ነው፤ እርሱም ነቀርሳ ወይም ካንሰር ይባላል። ሁለቱ ለታማሚዋ በሚሰማት ስሜት ብቻ የሚለዩ ስላልሆኑ የመለየቱ ሥራ የሐኪም ነው።

በማሕፀን ከሚበቅሉት ዕጢዎች ሁሉ የሚበዛው ሐኪሞች ፋይብሮይድ ወይም ማዮማ የሚሉት ነው። ይህም ከማሕፀን ጡንቻ የሚወጣ ጠጣር ዕጢ ሲሆን፣ መጠኑ ከምስር ፍሬ አንሥቶ ዱባ እስኪያህል ድረስ ሊያድግ ይችላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፣ ዕድሜያቸው 50 ዓመት እስኪሞላ ድረስ ከነጮቹ ሴቶች 70 በመቶ ያህሉ፣ ከጥቁሮቹም ከ80 በመቶ የሚበልጡት ይህ ዕጢ ይበቅልባቸዋል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ዕጢው እንዳለባቸው እንኳ ሳያውቁ ዕድሜያቸውን ይፈጽማሉ። ፋይብሮይድ መስሎ ታይቶ ነቀርሳ ሆኖ የሚገኘው እጅግ ጥቂቱ ብቻ ነው። ነገር ግን ነቀርሳ አይደለም ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ የወር አበባን አብዝቶ ደም ያሳንሳል፣ የሽንትን ፊኛ ተጭኖ ሴቲቱን በየጊዜው ያስነሣታል፣ ሆድ ያደርቃል፣ አንዳንድ ጊዜም ፅንስ እንዳይረጋ ያደርጋል። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ይህ ዕጢ በልማዱ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ስለዚህ ካረጠች በኋላ ዕጢዋ የሚያድግባት ሴት ሳትዘገይ መመርመር አለባት።

ሁለተኛው ዓይነት ከማሕፀን ግራና ቀኝ ባሉት፣ የሴት እንቁላል በሚበስልባቸው ሁለት እንቁልጢዎች ላይ የሚገኘው ውኃ የቋጠረ ከረጢት ነው። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ባሉት ሴቶች ከረጢቱ ብዙ ጊዜ ከወር አበባ ሥርዓት ጋር የሚመጣ ስለሆነ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ያለ መድኃኒት ይጠፋል። የሚያስፈራው ከረጢቱ ያደገ እንደ ሆነ እንቁልጢው በራሱ ላይ ተጠምዝዞ የደሙ መንገድ ሲታነቅ፣ ወይም ከረጢቱ ሲፈነዳ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ከማሕፀን ውስጠኛ ግድግዳ ወይም ከማሕፀን በር እንደ ትንሽ ጣት ተንጠልጥሎ የሚወርደው ፖሊፕ የሚባለው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም፤ ሲወጣ ግን በማይክሮስኮፕ መመርመሩ ይገባል። አራተኛው ፅንስ መስሎ የሚጀምር፣ ነገር ግን የእንግዴ ልጁ ሥጋ እንደ ወይን ዘለላ ውኃ የቋጠረ ፍሬ የሚሆንበት ነው። ይህ የደረሰባት ሴት ሆድዋ ከወሩ በላይ ሊገፋ፣ ደምም ሊፈስሳት፣ ማስታወክም ሊበዛባት ይችላል፤ ማሕፀንዋ ከተጠረገ በኋላም ወደ ነቀርሳነት እንዳይለወጥ ደምዋ በየጊዜው እየተመረመረ ልትጠበቅ ያስፈልጋል።

ነቀርሳ የሆኑትን በተመለከተ ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ይበቃል። የመጀመሪያው የማሕፀን በር ነቀርሳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጠው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. በመላው ዓለም 660,000 ያህል ሴቶች በዚህ በሽታ ተይዘዋል፣ 350,000 ያህሉም ሞተውበታል። በኢትዮጵያም በሴቶች ላይ ከሚደርሰው ነቀርሳ ሁሉ ከጡት ነቀርሳ ቀጥሎ ሁለተኛውን ስፍራ የያዘው ይኸው ነው። ሁለተኛው በማሕፀን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚወጣው ሲሆን፣ ይበልጡን ያረጡትን ሴቶች የሚያጠቃና በደም መታየት ራሱን ቀድሞ የሚገልጥ ነው። ሦስተኛው የእንቁልጢ ነቀርሳ ነው፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ ተንኰለኛ ነው፤ ምልክቱ የሆድ መነፋት፣ ጥቂት በልቶ ቶሎ መጥገብ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት ስለሆነ፣ ታማሚዋም ቤተ ሰብዋም የጨጓራ ነው እያሉ ጊዜ ያሳልፋሉ።

ከእነዚህ ሦስቱ መካከል የማሕፀን በር ነቀርሳ አስቀድሞ ሊከለከል የሚቻል መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ግሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ፓፓኒኮላው ከማሕፀን በር የተጠረገውን ሕዋስ በማይክሮስኮፕ በመመልከት፣ በሽታው ገና ሥር ሳይሰድ መለየት እንደሚቻል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1941 ዓ.ም. ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጽሑፍ አስረዳ። ጀርመናዊው ሊቅ ሃራልድ ሱር ሃውዘን ደግሞ የበሽታው መነሻ በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ፣ ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ መሆኑን ስለ ደረሰበት በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ይህ ቫይረስ እጅግ የተለመደ በመሆኑ፣ በባልና በሚስት ሕግ ተወስና የኖረችም ሴት ሳታውቀው ሊይዛት ይችላል፤ ስለዚህ በሽታው የታየባትን ሴት በጠባይዋ መጠርጠር ግፍ ነው። ቫይረሱን አብዛኛው ሰው በተፈጥሮ ኀይሉ ያሸንፈዋል፤ በሥጋ ውስጥ የቈየ እንደ ሆነ ግን ጤነኛውን ሕዋስ ወደ ነቀርሳ ለመለወጥ በልማዱ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል፤ የሰውነታቸው የመከላከል ኀይል በደከመባቸው ሴቶች፣ ለምሳሌ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በማይወስዱት ዘንድ፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ብቻ ሊበቃው ይችላል።

እንግዲህ ጠላት 15 ዓመት እየተጓዘ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው መጥፋቱ ያሳዝናል። መጠበቂያው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ክትባት ነው፤ በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ተጀምሯል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች ቀዳሚ እንዲሆኑ ይመክራል። ሁለተኛው ሳይታመሙ መመርመር ነው። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት፣ አንዳች ሕመም ባይሰማትም፣ የማሕፀን በርዋን ልትታይ ይገባታል። አንዱ የምርመራ ዓይነት በማሕፀን በር ላይ የቀጠነ የአቼቶ አሲድ ተቀብቶ ወደ ነጭነት የሚለወጥ ስፍራ መኖሩን መመልከት ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። የተለወጠ ስፍራ ቢገኝ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በብርድ ወይም በሙቀት ተቃጥሎ ይወገዳል። ከ20 ዓመት በኋላ የሚመጣውን ሞት በአንድ ቀን ማስቀረት ማለት ይህ ነው።

ለታመመችው ሴት ደግሞ ምልክቱን ማወቅ ያስፈልጋታል። በዚህ ረገድ መጻሕፍትን የሚመረምር ካህን አንድ ነገር ያስተውላል። ኦሪት ዘሌዋውያን በ15ኛው ምዕራፍ ስለ ሴት ደም ሲደነግግ፣ በልማዱ ጊዜ የሚመጣውን ለብቻ፣ ከጊዜው ውጭ ብዙ ቀን የሚፈሰውን ወይም ከልማዱ ቀን አልፎ የሚቈየውን ለብቻ አድርጎ ይናገራል። የጥንቱ ሕግ ልማደ አንስትን ከሕመም ደም በቀን ቈጠራ ለየ፤ የዛሬ ሐኪምም ታማሚዋን አስቀድሞ የሚጠይቃት ይህንኑ ነው፤ መቼ ጀመረሽ፣ ስንት ቀን ቈየብሽ፣ ከልማድሽ ምን ተለወጠ ይላታል። ስለዚህ ቀንዋን የምትቈጥር ሴት የሕክምናውን እኩሌታ ራስዋ ጀምራዋለች ማለት ይቻላል። ሐኪም ዘንድ መድረስ የሚገባባቸው ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፤ የወር አበባዋ ከተቋረጠ ዓመት ያለፋት ሴት ጥቂት ጠብታ ደም እንኳ ብታይ፣ ልጅነቴ ተመለሰልኝ ብላ መሳቅ አይገባትም፤ እንዲህ ያለ ደም ካዩት 10 ሴቶች ዘጠኙ ያህል ሌላ ቀላል ምክንያት ሲገኝባቸው፣ በአንድዋ ግን ነቀርሳ ይገኛል፤ ያቺም አንድዋ ማን እንደ ሆነች ሳይመረመር አይታወቅም።

ሁለተኛ፤ ከባልዋ ጋር ከተገናኘች በኋላ ወይም በሁለት የወር አበባ መካከል ደም የሚታያት ሴት።

ሦስተኛ፤ የወር አበባዋ ከ7 ቀን የሚያልፍባት፣ የረጋ ደም የሚወርዳት፣ ከዚህም የተነሣ ፊትዋ የሚገረጣ፣ ዳገት ስትወጣ ልብዋ የሚመታና ትንፋሽ የሚያጥራት ሴት።

አራተኛ፤ ሳትፀንስ የታችኛው ሆድዋ የሚያድግባት ወይም በእጅዋ የሚዳሰስ እብጠት የምታገኝ፣ እንዲሁም የሆድ መነፋትና ቶሎ መጥገብ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ የማይለቃት ሴት።

አምስተኛ፤ ሽታው የከፋ ወይም ደም የተቀላቀለበት ፈሳሽ የሚወርዳት፣ ከወገብ በታች የማያቋርጥ ሕመም ያለባት ሴት።

ስድስተኛ፤ በብልትዋ ደጃፍ ላይ የማይድን ቍስል፣ እብጠት ወይም የማይተዋት ማሳከክ ያለባት ሴት።

እነዚህ ሁሉ በቀናት ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሱ ናቸው። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል የሚያስሮጡ ደግሞ አሉ። ድንገት የመጣ ብርቱ የሆድ ሕመም ከማስታወክ፣ ከትኵሳት ወይም ራስን ከመሳት ጋር ሲሆን፣ እንቁልጢው የተጠመዘዘ ወይም ፅንሱ ከማሕፀን ውጭ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ደም ስታይ፣ ወይም ማንኛይቱም ሴት በየሰዓቱ መቀበያ እስክትለውጥ ድረስ ደም ሲፈስሳት እንዲሁ ነው። በዚህ ጊዜ እስኪነጋ እንቈይ፣ ባልዋ ከገበያ እስኪመለስ እንጠብቅ ማለት የነፍስ ዕዳ ያመጣል።

ሐኪም ቤት ምን እንደሚደረግ አለማወቅም ብዙዎችን ያስቀራል። በዚያ የሚደረገው ግን አስፈሪ አይደለም። አስቀድሞ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ በተከለለ ስፍራ ምርመራ ይደረጋል፤ ሴቲቱም ዘመድዋ ወይም ሴት ነርስ አጠገብዋ እንድትቆም መጠየቅ ትችላለች። አልትራሳውንድ የሚባለው መሣሪያ በድምፅ ሞገድ የሚሠራ ስለሆነ አያምም፣ ጨረርም የለውም። ጥርጣሬ ያለ እንደ ሆነ ከሥጋው ጥቂት ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ብዙ ሴቶች ማሕፀኔን ያወጡብኛል ብለው ይፈራሉ። ነገር ግን የማያስቸግር ፋይብሮይድ በየጊዜው እየታየ ይተዋል፤ የሚያስቸግረው በመድኃኒት ይታገሣል፤ ልጅ የምትፈልግ ሴት ደግሞ ማሕፀንዋ ሳይነካ ዕጢው ብቻ ሊወጣላት ይችላል። ማሕፀንን ማውጣት የሚታሰበው ሌላው መንገድ ሳይበቃ ሲቀር ወይም ነቀርሳ ሲገኝ ነው። ዘግይታ የመጣችው ሴት ግን የሚመረጥላት መንገድ ጥቂት ይሆናል፤ ነቀርሳው ከስፍራው ከወጣ በኋላ የጨረር ሕክምናና ብርቱ መድኃኒት ያስፈልጋልና። የጨረር ሕክምና በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለ ነበረ፣ ከሩቅ አገር የመጡ ታማሚዎች ተራ ሲጠብቁ መኖራቸው የታወቀ ነው።

ሕመምዋን ያልሸሸገች ሴት ምን እንደምታገኝ በታሪክ የሚታወቅ አንድ ምሳሌ አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1809 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኬንታኪ ግዛት ጄን ቶድ ክሮፎርድ የምትባል፣ የልጆች እናት የሆነች ሴት ሆድዋ እያደገ ሄደ። ያዩዋት ሐኪሞች ጊዜው ያለፈ ፅንስ መሰላቸው። ኤፍሬም ማክዶዌል የሚባል ሐኪም ግን በመረመራት ጊዜ የእንቁልጢ ዕጢ መሆኑን ዐወቀ። እርሱም እንዲህ ያለውን ዕጢ ሆድ ከፍቶ ያወጣ ሐኪም እንደሌለ፣ ልትሞትም እንደምትችል ሳይሸሽግ ነገራት። እርስዋም ፈቀደችና በክረምት ብርድ በፈረስ ተቀምጣ 60 ማይል፣ ማለት 96 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዛ ዳንቪል ከተማ ደረሰች። የሚያደነዝዝ መድኃኒት በዚያ ዘመን አልተገኘም ነበር። ማክዶዌል በ25 ደቂቃ ውስጥ ከ10 ኪሎ የሚበልጥ ዕጢ አወጣላት። ከ5 ቀን በኋላ ሐኪሙ ሊጠይቃት ሲገባ አልጋዋን ስታነጥፍ አገኛት። ከዚያም በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ኖራ በ1842 ዐረፈች። ማደንዘዣ፣ አልትራሳውንድ፣ ደም መለገስም ባልነበረበት ዘመን እንዲህ የተደረገ ከሆነ፣ ዛሬ ይህ ሁሉ ባለበት ጊዜ አንዲት እናት በኀፍረት ምክንያት ከቤት ቀርታ ብትሞት ለማን ይመካኛል?

እንግዲህ ነገሩ ወደ ካህናት ይመለሳል። ሴት ደም ሲፈስሳት ቤተ ክርስቲያን ከመግባት ትከለከላለች፤ ስለዚህ ደምዋ ወር ከወር የማይቆም ሴት ከቅዳሴና ከቍርባን ስትርቅ፣ ከባልዋ ቀጥሎ መቅረትዋን የሚያውቀው የነፍስ አባትዋ ነው። ሳትናገር የሕመምዋ ምልክት በእርሱ ፊት ይቆማል። በዚህ ጊዜ ለምን ቀረሽ ብሎ በርኅራኄ መጠየቅ፣ ቀኑን ማስቈጠር፣ ምስጢርዋን ጠብቆ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ማዘዝ ከአባትነት ሥራ የሚቈጠር ነው። በጠበል የምትጸናውንም ሴት ሐኪምን እንዳትተው መምከር እምነትን ማጕደል አይደለም፤ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራልና።

ደም ለ12 ዓመት ሲፈስሳት የነበረችው የወንጌልዋ ሴት ገንዘብዋን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ጨርሳ አልዳነችም የሚል ይገኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ የዚያ ዘመን ሐኪሞች ደሙ ከየት እንደሚመጣ የሚያዩበት መሣሪያ አልነበራቸውም። ነገር ግን ከዚሁ ታሪክ ሌላ የሚስተዋል ነገር አለ። ያቺ ሴት በሕዝብ መካከል ተሸሽጋ ከበስተኋላ መጣች፤ ጌታ ግን ተሸሽጋ እንድትሄድ አልተዋትም፤ በሁሉ ፊት እውነቱን ተናገረች፤ ስለ ተናገረችም አልተነቀፈችም፣ ልጄ ተባለች እንጂ። ይህን ታሪክ በየዓመቱ የሚያነብና የሚተረጕም ካህን፣ በአጥቢያው ያለችው ባለ ደም ሴት እንድትናገር በር ሊከፍትላት ይገባዋል።

ለሹማምንት የሚቀረውም ቀላል አይደለም። ሴቶች ይታከሙ ብሎ ማወጅ ብቻውን አይበቃም። በጤና ጣቢያው የምርመራው ክፍል መጋረጃና በር እንዲኖረው፣ የሠለጠነች ሴት ባለሙያ እንድትመደብ፣ ለምርመራ የሚያስፈልገው ዕቃ እንዳያልቅ፣ ከሩቅ ቀበሌ ወደ ሆስፒታል የምትላከው ታማሚ መጓጓዣ እንድታገኝ፣ ድኻይቱም በማኅበረሰብ ጤና መድን እንድትታቀፍ ማድረግ የእነርሱ ሥራ ነው። በመሥሪያ ቤታቸው የምትሠራ ሴት ለምርመራ ቀን ስትጠይቅ ምክንያትዋን በሰው ፊት እንድትዘረዝር አለማስገደድም ከዚሁ ይቈጠራል። ከሁሉም አስቀድሞ ሹሙ በቤቱ፣ ካህኑም በቤቱ ሚስቱን፣ እናቱንና እኅቱን ይጠይቅ፤ ሴት ልጁንም ያስከትብ። በቤቱ ያልጀመረ ሰው በአደባባይ የሚናገረውን የሚሰማለት የለም።

ዕጢ ሁሉ ሞት አይደለም፤ አብዛኛው ቀላል ነው፤ ክፉውም በጊዜው ከተገኘ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። ፍርሃትና ቸልታ ግን ሁለቱም ታማሚዋን ከቤት ያስቀርዋታል፤ ፈሪዋ ክፉ ወሬ እንዳትሰማ፣ ቸልተኛዋም ምንም አይደለም ብላ ትቀራለች። ሁለቱንም የሚያወጣቸው የሚያምኑት ሰው ቃል ነው። ያም ሰው የነፍስ አባት፣ ባል፣ እናት ወይም የወረዳ ሹም ሊሆን ይችላል። ቀኑ አልፎ ደም የፈሰሰሽ እንደ ሆነ ዛሬውኑ ተነሥተሽ ሂጂ የሚላት አንድ ሰው ያገኘች ሴት፣ ከመዳንዋ ጕዞ የሚከብደውን ክፍል ጨርሳለች።